እናቶች ስለሚሰውሩት ሕመም

በዚህ ዐምድ ስለ ሕፃናት አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ዛሬ ግን ብዙ እናቶች ለባላቸውም ለልጃቸውም ሳይናገሩ ለዘመናት ተሸክመውት ስለሚኖሩት ሕመም፥ ይኸውም ስለ ማሕፀን መውረድ፥ ጥቂት ቃል ለመጻፍ አሰብን። ነገሩ ለአፍ የሚከብድ መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ተብሎ ይተረታልና ዝም ማለት ደግ ሆኖ አልታየንም።

የሴት ፊኛ፥ ማሕፀንና የዐይነ ምድር አንጀት በዳሌ አጥንት መካከል በተዘረጋ ጡንቻና ጅማት ተደግፈው ይኖራሉ። ይህንንም በአልጋ ጠፍር ብንመስለው አንሳሳትም። ጠፍሩ በላላ ጊዜ የተኛበት ሁሉ ወደ ታች እንዲረግብ፥ ይህም ድጋፍ ሲላላ ከነዚህ ክፍሎች አንዱ ወይም ሁሉም ወደ ብልት ይወርዳሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚያላላው ወሊድ ነው፤ ይልቁንም ምጥ ሲረዝምና ወሊድ ሲደጋገም ነው። ዕድሜ፥ የማያቋርጥ ሳል፥ የሆድ ድርቀትና ከባድ ሸክምም ያብሱታል። ምልክቱም ከወገብ በታች የመክበድ ስሜት፥ ከብልት ብቅ የሚል እብጠት፥ በሳልና በሳቅ ጊዜ የሚያመልጥ ሽንት፥ ወይም ሽንት ተሸንቶ አለማለቅ ነው።

ይህ ሕመም ፌስቱላ ከሚባለው የተለየ ነው። ፌስቱላ በረዘመ ምጥ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ሥጋ ተጭኖ ደም ሲከለክለው የሚፈጠር ቀዳዳ ነው፤ ሽንትም ያለ ማቋረጥ ይፈስበታል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1959 ወደ አገራችን የመጡት ሐኪሞች ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን በ1974 በአዲስ አበባ ሆስፒታል ያቆሙት ስለዚሁ ነው።

ወደ ማሕፀን መውረድ እንመለስ። ሕመሙ ቀላል ሲሆን ሽንት እንደሚይዙ አድርጎ ጡንቻውን ማጥበቅና መልቀቅ ይረዳል፤ ይህንንም አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል በ1948 በጽሑፍ አስታውቋል። ነገር ግን በየቀኑ ለወራት መታገሥን ይጠይቃል። ሁለተኛው መንገድ ሐኪም በልክ የሚያስገባው ለስላሳ ቀለበት ነው።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ቀዶ ጥገና አለ። ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ ሆድ ሳይቀድ በብልት በኩል ገብቶ፥ የላላውን በራሷ ሥጋ ያጠብቃል፤ ማሕፀኑንም ከጠንካራ ጅማት ጋር ይሰፋዋል፥ ወይም ያወጣዋል። ስለዚህ ዳግመኛ መውለድ የምትሻ ሴት ይህን አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር። በብልት በኩል ለዚህ ሕመም ይገባ የነበረው ሰው ሠራሽ መረብ ግን ደኅንነቱና ጥቅሙ በበቂ ስላልተረጋገጠ የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ተቈጣጣሪ በ2019 እንዳይሸጥ አዟል። ከቀዶ ጥገናም በኋላ ለሳምንታት ከባድ ነገር ማንሣት አይገባም፤ ሕመሙ ሊመለስ ይችላልና።

የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ ከግብዣና ከማኅበር መቅረት ያበዛችን ወይዘሮ ኰራች ወይም ቀዘቀዘች ከማለታችን በፊት፥ ምን ደብቃ እንደምትኖር እናስብ። ብዙ ልጆች የወለደችልንን እናት፥ ምን ሆነሻል ብሎ በርኅራኄ መጠየቅና ወደ ሐኪም መውሰድ፥ ከምንገዛላት ከማናቸውም ጌጥ ይበልጣል።