በር የሚያንኳኳውን ስለ መናቅ

ሰው የራሱን ስንፍና የሚሸፍንበት መጋረጃ ብዙ ነው። ከመጋረጃዎቹ ሁሉ ግን እጅግ ርካሹ በሚተጋ ሰው ላይ መሣቅ ነው። ይህን የምለው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም፤ እኔው ራሴ ሥቄ፥ በሣቄም አፍሬ ነው እንጂ።

በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ እኖር በነበረበት ጊዜ፥ በእኛ ሰዎች መካከል አንድ የተለመደ ጨዋታ ነበረ። ነጭ ሸሚዝ የለበሱ፥ ከረባት ያሰሩ፥ ስማቸው የተጻፈበትን ጥቁር ምልክት በደረታቸው ላይ ያደረጉ ሁለት አሜሪካውያን ልጆች መጥተው በር ሲያንኳኩ፥ አንዱ መብራቱን ያጠፋል፤ ሌላው ቋንቋ የማያውቅ ይመስላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሰው የማይኖርበትን ቤት ቁጥር ሰጥቶ ይልካቸዋል። ማታ ስንገናኝም «ዛሬ ሞርሞኖቹን እንዲህ አደረግኋቸው» እያልን እንሣሣቅ ነበር። እኔም በጥር ወር፥ በረዶ በሚጥልበት ምሽት፥ «ነገ በዚህ ሰዓት ኑ» ብዬ ቀጠርኋቸውና ሰዓቱ ሲደርስ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ ተመለከትኋቸው። መጡ፤ ደወሉ፤ ጠበቁ፤ ሄዱ። በማግሥቱም በዚያው ሰዓት መጡ። በሦስተኛው ቀን አንደኛው ልጅ ጓንቱን አውልቆ ጣቶቹን በትንፋሹ ሲያሞቅ ባየሁ ጊዜ፥ ሣቄ በጉሮሮዬ ቀረና በሩን ከፈትሁ።

ከዚያ ወዲያ ጠይቄ የተረዳሁትን እነግራችኋለሁ። የማነሣቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ ሰዓቶቹ ግን እንደ እኛ አቆጣጠር ናቸው።

እነዚህ ልጆች የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የሚባለው ማኅበር መልእክተኞች ናቸው። ማኅበሩን በ1830 በአሜሪካ፥ በኒው ዮርክ ግዛት የመሠረተው ዮሴፍ ስሚዝ የሚባል ሰው ነው። ወንዱ ልጅ ከ2012 ጀምሮ በ18 ዓመቱ ለስብከት ሊወጣ ይችላል፤ የሚያገለግለውም 2 ዓመት ነው። ሴቶቹ 18 ወር ያገለግላሉ። የሚሄድበትን አገር አለቆቹ ይመርጡለታል እንጂ እርሱ አይመርጥም። ደመወዝም የለውም፤ እንዲያውም ከፋዩ እርሱና ቤተሰቡ ናቸው። ከአሜሪካ የሚነሣው ልጅ ከ2020 አጋማሽ ጀምሮ በወር 500 ዶላር እንዲከፍል ተወስኗል፤ ይህም በ2 ዓመት 12,000 ዶላር ይሆናል።

መደበኛው የቀን ሥርዐታቸው ይህ ነው። ጧት በ12 ሰዓት ተኩል ተነሥቶ ሰውነቱን ያፍታታል። ቁርሱን በልቶ መጽሐፉንና የአገሩን ቋንቋ ያጠናል። ከዚያም እስከ ምሽት ድረስ በየመንገዱና በየደጁ ይዞራል፤ በ4 ሰዓት ተኩል መብራቱን አጥፍቶ ይተኛል። ከ2017 ወዲህ እንደየአገሩ ጠባይ ሰዓቱን ጥቂት ማስተካከል ተፈቅዷል፤ ሥርዐቱ ግን አልቀረም። ከባልንጀራው ተለይቶ ብቻውን አይወጣም፤ የፍቅር ወዳጅነትም አይጀምርም። በሳምንት አንድ ቀን ልብሱን ያጥባል፥ ገበያ ይወጣል፥ ለወላጆቹ ይጽፋል። እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ የእናቱን ድምፅ በስልክ የሚሰማው በዓመት 2 ጊዜ፥ በገና በዓልና በእናቶች ቀን ብቻ ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ግን በየሳምንቱ እንዲደውል ተፈቅዶለታል።

ወንዶቹ የሚጠሩበት ማዕርግ በቋንቋችን ሲተረጐም «ሽማግሌ» ማለት ነው። ይህን በሰማሁ ጊዜ ጢሙ ገና ያልበቀለ የ19 ዓመት ልጅ ሽማግሌ መባሉ አሣቀኝ። ዳሩ ግን ሽማግሌነት የጠጉር መሸበት ብቻ ነውን? በእኛ ዘንድ ሽማግሌ የሚባለው ቃሉን የሚጠብቅ፥ ስድብን የሚችል፥ ከተዘጋበት ደጅ ነገ ተመልሶ የሚመጣ ሰው አይደለምን? እንግዲያስ በዚያ በበረዶው ምሽት ከመጋረጃ ጀርባ የቆምሁት እኔ ወይስ ደጅ የቆመው ልጅ፥ ሽማግሌ ማን ነበረ?

በጎረቤቴ ሁላችን እትዬ እያልን የምንጠራቸው አንዲት የአገራችን እናት ነበሩ። ልጆቹ ወደ እርሳቸውም ሄዱ። እትዬ እንግዳ ነው ብለው ቡና ቆልተው አፈሉ፤ ልጆቹ ግን ስኒውን አልተቀበሉም። በማኅበራቸው ከ1833 ጀምሮ በወጣ ትምህርት ቡናና ሻይ፥ መጠጥና ትምባሆ የተከለከሉ ናቸውና። እትዬ ተቀየሙ። «ቡናዬን የናቀ ቤቴን ናቀ» አሉ። አንደኛው ልጅ ፊቱ ቀልቶ፥ ንቀት እንዳልሆነና ለፈጣሪው የገባው ቃል እንደሆነ በተሰባበረ ጀርመንኛ አስረዳቸው። እትዬም ጥቂት አሰቡና «ጾም ነዋ! ጾመኛን ማን ያስገድዳል?» ብለው ተነሡ፤ ከአገር ቤት ያስመጡትን ጦስኝ አፍልተው ሰጧቸው። ትምህርታቸውን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲጨርሱም «እኔ ማተቤን አልበጥስም፤ እናንተ ግን ብርድ እንዳይመታችሁ ደኅና አድርጋችሁ ልበሱ» ብለው ሸኟቸው። ልጆቹም እማማ ማለትንና እግዜር ይስጥልኝ ማለትን ከእርሳቸው ተማሩ።

እንግዲህ መልስ የሚያሻቸው ተከራካሪዎች አሉ። የመጀመሪያው «የሚመጡት ሃይማኖታችንን ሊያስለውጡን ነው» ይላል። አዎን፥ ለዚህ ነው የሚመጡት፤ እነርሱም አይደብቁትም። ነገር ግን አንድ የበር ደወል የሚነቀንቀው ሃይማኖት ሲጀመር ሥር ያልሰደደ ነው። ያወቀ ሰው መልስ ይሰጣል፤ ያላወቀ መብራት ያጠፋል። ደግሞስ በ4ኛው መቶ ዓመት ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የሚባሉ ሁለት ባዕዳን ወጣቶች ወደ አክሱም በደረሱ ጊዜ፥ አባቶቻችን በር ዘግተው ቢሥቁባቸው ኖሮ፥ ፍሬምናጦስ በአትናቴዎስ እጅ ተሹሞ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ለመባል በደረሰ ነበርን? የሁለቱ ትምህርት አንድ ነው ማለቴ አይደለም። የባዕድ ወጣት ቃል ሳይሰማ አይናቅም ማለቴ ነው።

ሁለተኛው «ይህ ማኅበር እስከ 1978 ድረስ ለጥቁር ሰው ክህነት ይከለክል ነበር» ይላል። ይህ እውነት ነው፤ ሊረሳም አይገባውም። እኔም ልጆቹን በፊት ለፊት ጠየቅኋቸው። አንደኛው ዝም አለ፤ ሁለተኛው ግን «ነገሩ እኔንም ይከብደኛል» ብሎ ሳይክድ መለሰልኝ። እንዲህ ያለው ጥያቄ የጨዋ ክርክር ነው። በውሸት ቀጠሮ በረዶ ላይ ማቆም ግን የጥቁርን ክብር አይመልስም፤ የጥቁርን ቤት ያዋርዳል እንጂ።

ሦስተኛው «ወላጆቻቸው አስገድደዋቸው ነው የሚሄዱት» ይላል። የቤተሰቡ ግፊት የሚከብድበት ልጅ እንዳለ አልክድም። ዘመኑን ሳይፈጽም የሚመለሰውም አንዳንድ ጊዜ በክፉ ዓይን ይታያል፤ ይህንንም ነውር ብዬ እቈጥረዋለሁ፤ በግድ የተሰጠ መሥዋዕት መሥዋዕት አይደለምና። ነገር ግን በዚያ ምሽት ወላጆቹ በባሕር ማዶ ነበሩ። ሦስተኛውን ቀን ሳይመጣ ቢቀር የሚያስገድደው አባት በደጄ አልነበረም።

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ ሞርሞን ሁኑ አላልኋችሁም፤ እኔም አልሆንሁም። ነገር ግን ከእናንተ መካከል ዓላማ አለኝ የሚል፥ ለዓላማው ሲል ጧት በ12 ሰዓት ተኩል የሚነሣ ስንት ነው? ለሚያምንበት ነገር ገንዘቡን ከፍሎ 2 ዓመት የሚሰጥ፥ በቀን ሃያ ጊዜ «አንፈልግም» ተብሎ ሃያ አንደኛውን በር በትሕትና የሚያንኳኳ ማን ነው? አገራችን ፊደል የሚያስቈጥራት፥ ሕመምተኛ የሚጠይቅላት፥ ችግኝ የሚያጠጣላት አጥታ ሳለ፥ እኛ ስለ ሃይማኖታችን ታላቅነት በየቡና ቤቱ እየተከራከርን እኩለ ሌሊት እናደርሳለን፤ በማግሥቱም እስከ ቀትር እንተኛለን። ከአልጋው ሳይነሣ በእውነት የሚመካ ሰው፥ ተሳስቶም ከሚተጋው ይልቅ እውነትን ያዋርዳል።

ስለዚህ የዚያን ልጅ ትምህርት ባትቀበሉ «አልቀበልም» በሉት። ነገር ግን በሩን ከፍታችሁ፥ ዓይኑን እያያችሁ በሉት። ብርድም ከሆነ ጦስኝ አፍሉለት።