ሞተሩ ለበረዶ ተዘጋጀ፤ ነጂውስ?

በበረዶው ወራት፣ አርብ ከሰዓት ከዴንቨር ወደ ምዕራብ በኢንተርስቴት 70 የሚነዳ ሁሉ ያየዋል፤ በዚያ አካባቢ ታክሲና የጭነት መኪና የሚያሽከረክረው ሐበሻም ያውቀዋል። ፒክአፖች እንግዳ ነገር ጭነው ወደ ሮኪ ተራሮች ይወጣሉ። ከላይ ሲታይ ሞተር ሳይክል ነው። መሪው፣ መቀመጫው፣ ኢንጂኑ ያው ነው። ከታች ግን ጎማ የለውም፤ ከፊት አንድ ሰፊ ስኪ፣ ከኋላ እንደ ዶዘር እግር የሚሽከረከር ጥርሳም የጎማ ቀበቶ ተገጥሞለታል። ስኖው ባይክ ይሉታል።

ነገሩ ከጋራዥ ሙከራ ወደ ትልቅ ንግድ በፍጥነት ተሻግሯል። በአይዳሆ ግዛት በሳንድፖይንት ከተማ የተነሳውን ቲምበርስሌድ የተባለ የኪት አምራች፣ ግዙፉ ፖላሪስ እ.ኤ.አ. በ2015 ገዛው። በ2017 ደግሞ ውድድሩ አስፐን ላይ ወደሚካሄደው ኤክስ ጌምስ ገባ።

አሠራሩን ማንኛውም የሞተር መካኒክ ይረዳዋል። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ባለ 450 ሲሲ የጭቃ ሞተር፣ ማለትም ደርት ባይክ ነው። የፊት ጎማው ወርዶ ስኪ ይገባል። የኋላው ጎማ ከነተሸካሚው ተነቅሎ ቀበቶው ይተካል፤ ካቴናው ከእንግዲህ የሚያዞረው ቀበቶውን ነው። ኢንጂኑ ከልክ በላይ እንዳይቀዘቅዝ ራዲያተሩ ይሸፈናል፣ ቴርሞስታት ይጨመራል። አየር ማስገቢያው በረዶ እንዳይስብ ይከለላል። ለእጅ ማሞቂያ ይገጠማል። እጁ ለተፍታታ ሰው ከግማሽ ቀን አያልፍም።

ለኢንጂኑ እንግዲህ ይህን ያህል ታስቦለታል። ከበላዩ ለሚቀመጠው ሰውስ ምን ታሰበለት?

ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀድሞ በዚያ ተራራ ላይ የሚነዳው ስኖውሞቢል ሰፊና ከባድ ነው። ጀማሪ ይዞት በገደል ጎን፣ በዛፎች መካከል ልለፍ ቢል ይገለበጣል፤ በረዶው ውስጥ ይሰምጥና ሲቆፍር ይውላል። ያ ችግር ሳይታወቅ ዘበኛ ሆኖ ኖሯል። ሰውየው ማሽኑን እስኪለምድ ዓመታት ይፈጅበታል፤ በእነዚያ ዓመታትም ተራራውን አብሮ ይለምዳል። ስኖው ባይክ ግን ቀጭን ነው፤ በዛፎች መካከል ይሾልካል፣ እንደ ሞተር ሳይክል ያጋድላል። በጋውን ሙሉ በጭቃ ሲጋልብ የከረመ ወጣት በመጀመሪያው ቀን አናቱ ላይ ይደርሳል። እጁ ሠልጥኗል፤ ስለ በረዶ ግን ምንም አያውቅም። ዘበኛው ተሰናበተ፤ በቦታው የተተካ የለም።

እዚያ ላይ የሚጠብቀው ደግሞ የበረዶ ናዳ ነው። ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያጋድል ቁልቁለት ላይ ነው፤ ስኖው ባይክ ነጂ የሚያልመውም ያንኑ ቁልቁለት ነው። ሰው በሚጎዳባቸው ናዳዎች ከ10 በ9ኙ ያህል ናዳውን የቀሰቀሰው ተጎጂው ራሱ ወይም አብሮት ያለ ሰው ነው። በአሜሪካ በየዓመቱ በአማካይ ከ20 በላይ ሰዎች በዚህ ይሞታሉ። በእግሩ የሚወጣ ስኪተኛ በቀን አንድ ሁለት ቁልቁለት ቢነካ፣ ባለሞተሩ በአንድ ጠዋት ከዚያ እጥፍ ድርብ ይነካል። ዕድሉን የሚፈትነውም በዚያው ልክ ነው።

የተቀበረ ሰው ሰዓቱ አጭር ነው። በ10 ደቂቃ ውስጥ ከወጡት ከ10ሩ 9ኙ ያህል ይተርፋሉ፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈ ግን የሚተርፈው ከ3 አንድ ያህል ብቻ ነው። ከከተማ የሚመጣ ነፍስ አድን ቡድን በዚያ ጊዜ አይደርስም። የሚያተርፍ ካለ አጠገቡ ያለው ጓደኛው ነው፤ እሱም ሦስት ነገር ከያዘ፦ ምልክት የሚልክና የሚቀበል ቢከን፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ።

መያዙም ብቻውን አይበቃም። ቢከኑ ሰውነት ላይ ይታሰራል፤ ምልክቱን እንዳያውክበት ከስልክና ከማሞቂያ ጓንት ይራቃል። አካፋው የሚያዘው በጀርባ ቦርሳ እንጂ ማሽኑ ላይ ታስሮ አይደለም፤ ማሽኑ ከተቀበረ አካፋውም አብሮ ይቀበራልና። ጓደኛው አቀበት ላይ ሲይዘው "ልርዳው" ብሎ ተከትሎ የሚወጣ ሁለተኛ ነጂ፣ በራሱ ክብደት ናዳውን ሊቀሰቅስ ይችላል። ቁልቁለቱን የሚወጣ አንድ በአንድ ነው። ይህን ሁሉ የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋል፤ ከኪቱ ጋር የሚመጣው መመሪያ የቡሎን አጠባበቅ ነው።

"ሕይወቱ የራሱ፣ ምርጫውም የራሱ ነው" የሚሉ አሉ። ቃሉ ደስ ይላል፤ ተራራው ላይ ግን አይሠራም። ከላይ የተነሳ ናዳ ከታች ማን እንዳለ አይጠይቅም። የጠፋውን ሊፈልጉ የሚወጡትም በኮሎራዶ በአብዛኛው ያለ ደመወዝ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ገና ባልረጋ ቁልቁለት ሥር ቆመው ይቆፍራሉ። ደግሞስ ይኸው ግዛት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው የደህንነት ኮርስ ካልወሰደ የአደን ፈቃድ አይሰጠውም። አጋዘን ለመተኮስ ትምህርት ግድ ከሆነ፣ የሰው ቤተሰብ አናት ላይ ናዳ ሊለቅ ለሚችል ሰው ምነው ቀረ?

"ስኖውሞቢልም ያለ ትምህርት ይሸጣል" ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ያም ስህተት ነው። የቆየ ስህተት ግን ለአዲሱ ፈቃድ አይሆንም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የተራራ ኪት የሚሸጥ ሁሉ ቢከኑን፣ ዘንጉንና አካፋውን ከኪቱ ጋር አብሮ ይሽጥ፤ የአንድ ቀን የናዳ ትምህርትም በዋጋው ውስጥ ይግባ። ኪቱ በሺዎች ዶላር ይሸጣል፤ ሦስቱ ዕቃዎች በጥቂት መቶ ዶላሮች ይገኛሉ። ዕለታዊው የናዳ ትንበያ ደግሞ በነጻ ነው። ለእጅ ማሞቂያ ገንዘብ የማይቸግረው ገዢ፣ ጓደኛውን ቆፍሮ ለማውጣት ይቸግረዋል ማለት ሰበብ ነው።

ለኢንጂኑ ቴርሞስታት የጨመረ ሻጭ፣ ኢንጂኑ ቀዝቅዞ ቢቆም ደንበኛው ተመልሶ እንደሚጮህበት ያውቃል። በናዳ ሥር የቀረ ደንበኛ ግን ተመልሶ አይጮህም። ስለዚህ መጮህ ያለበት ሌላው ነው።