ጣዕም የጨዋ ልጅ ብቻ ነው ያለው ማነው?

እ.ኤ.አ. በ79 የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በአመድ የቀበራት የሮማውያን ከተማ ፖምፔ ተቆፍራ ስትወጣ፣ ከየቤቱ የአትክልት ስፍራ ትንንሽ የእብነ በረድ ምስሎች ተገኙ። ስለ እነዚህ ምስሎች ሲነገር የኖረው ፍርድ አንድ ነው፦ ጊዜ የሰጠው ሰው ታላላቆቹን ለመምሰል የሰበሰበው ጌጥ ነው፤ የግሪክ ሊቃውንት ሥራ ቅጂ፣ ያውም ያነሰ ቅጂ። ጀርመናዊው የጥበብ ታሪክ ምሁር ፓውል ዛንከር እ.ኤ.አ. በ1979 የፖምፔ ቤቶች የባለጸጎችን ቪላ በትንሹ የሚኮርጁ ናቸው ብሎ ከጻፈ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ያለቀለት መሰለ። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበለውም።

በፖምፔ ያለውን የቬቲዎችን ቤት እንይ። ባለቤቶቹ ኮንቪቫና ሬስቲቱቱስ ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። በአትክልቱ ዙሪያ በዓምዶቹ ሥር የቆሙት ምስሎች በእርሳስ ቧንቧ በሚመጣው ውሃ ገንዳዎቹን ይሞላሉ፤ ከመካከላቸው ዝይ ያቀፉ ሁለት የነሐስ ሕፃናት አሉ። ሮማዊ እንግዳ ማዕድ ላይ በግራ ክርኑ ተደግፎ ጋደም ይላል። ከዚያ ዝቅታ፣ በቅጠልና በውሃ መካከል፣ ለዓይን የሚመጥነው ትንሽ ምስል ነው። ግዙፍ ሐውልት እዚያ ቢቆም ግቢውን ያፍነው ነበር። መጠኑ የአቅም ማነስ ውጤት ነው የሚል ሰው ቦታውን ረስቶታል።

ደግሞስ የነፃ ወጪዎች ጣዕም ብቻ ቢሆን፣ በዚያው በፖምፔ ባለው በወርቃማ ኩፒዶች ቤት ምን ይሠራል? የዚያ ቤት ጌታ ግናዩስ ፖፔዩስ ሃቢቱስ የንጉሠ ነገሥት ኔሮ ሚስት የፖፔያ ዘመድ እንደነበር ይገመታል። የእሱም ግቢ በትንንሽ የእብነ በረድ ምስሎችና ጭምብሎች የተሞላ ነው።

ሮማዊውን ተናጋሪ ሲሴሮንም እናስታውስ። ወዳጁ የወይን አምላክ የባኮስን ተከታይ ሴቶች ምስሎች ቢገዛለት ቅር ተሰኘ፤ ለቤተ መጻሕፍቱ የጥበብ አማልክት የሆኑት ሙሴዎች ይሻሉት ነበር፤ የሰላም ጠበቃ ነኝና የጦርነት አምላክ የማርስ ሐውልት ምን ያደርግልኛል አለ። ያስጨነቀው ምስሉ ለቦታው መስማማቱ ነው። ሲሴሮ ራሱ ከዘሩ ቆንሲል፣ ማለትም የሮማ ከፍተኛ ሹም፣ ለመሆን የመጀመሪያው ሰው ነበር። እሱን ግን ጣዕም የለሽ ያለው የለም፤ መጻፍ ያውቅ ነበርና። ቬቲዎች ደብዳቤ አልተዉልንም። በእነሱ ፈንታ የሚጠቀሰው ትሪማልኪዮ ነው፤ የኔሮ ባለሟል ፔትሮኒየስ ለመሳለቂያ የፈጠረው ነፃ ወጪ። የባለሟልን ፌዝ እንደ ምስክር ቃል መቁጠር ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከፖምፔ የተገኘች፣ ከአንድ ክንድ ትንሽ የምትበልጥ የፍቅር አምላክ የቬነስ ምስል ዛሬ በኔፕልስ ሙዚየም አለች። ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ትነካለች፤ ከእግሯ ሥር ትንሽ ኤሮስ ተቀምጧል። ጡቷና ወገቧ ላይ የወርቅ ቅብ ጌጥ ተሥሏል። አቀማመጧ ከግሪክ የመጣ ነው፤ እሰየው። ወርቁን ግን የሚያስረዳው የግሪክ ሊቅ ስም አይደለም። ያንን የመረጠው፣ ገንዘቡን የከፈለው፣ በቤቱ ያኖራት የፖምፔ ሰው ነው።