ወረቀት የጨረሰና ወረቀት የሌለው

ስታር ካውንቲ በቴክሳስ ደቡባዊ ጠርዝ፣ ከሪዮ ግራንዴ ወንዝ ማዶ ሜክሲኮን እያየች የተቀመጠች ደሃ አካባቢ ናት። ከመቶ ነዋሪዋ 97 ያህሉ ላቲኖ ነው። ከ1896 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ ለሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት ድምጿን ሰጥታ አታውቅም ነበር። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በ60 ነጥብ ልዩነት አሸነፉባት፤ በ2020 ባይደን በ5 ነጥብ አመለጡ፤ በ2024 ትራምፕ በ16 ነጥብ ወሰዷት። ያው፣ ግንብ አጥራለሁ ያሉት ሰውዬ።

በስታር ግን ደህና ደመወዝ ከሚያስገኙት ጥቂት ሥራዎች አንዱ የድንበር ጥበቃ ነው። አረንጓዴ ዩኒፎርም ለብሶ ወንዙን የሚጠብቀው ልጅ ብዙ ጊዜ ስሙ ጋርሲያ ነው። የቤንዚኑና የእንቁላሉ ዋጋ ደግሞ እሱንም ያንገበግበዋል።

ዴሞክራቶች የሳቱት ይህን ይመስለኛል። ድምፅ የሚሰጠው ላቲኖ ወረቀቱን የጨረሰ ወይም እዚያው የተወለደ ነው፤ ወረቀት ከሌለው ጋር ቋንቋ እንጂ ጭንቀት ላይጋራ ይችላል። እኛም ዘንድ ዲቪ ደርሶት ከቦሌ የበረረውና ከብራዚል ተነሥቶ የዳሪየንን ጫካ በእግሩ ያቋረጠው አንድ ቡና ቤት ተቀምጠው ስለ ድንበር ሲከራከሩ የሰማ ነገሩ ይገባዋል።

ሪፐብሊካኖችም ቢሆኑ ባይፈነጥዙ ይሻላቸዋል። በ1994 ካሊፎርኒያ ፕሮፖዚሽን 187ን በ59 በመቶ ድምፅ አጸደቀች፤ ደጋፊው ገዥ ፒት ዊልሰንም በዚያኑ ቀን ዳግም ተመረጡ። ሕጉ ወረቀት የሌላቸውን ልጆች ከትምህርት ገበታ የሚያባርር፣ ትምህርት ቤቱንም ተማሪዎቹን እንዲያጣራና እንዲያሳብቅ የሚያዝ ነበር። ፍርድ ቤት አገደው፤ ቂሙ ግን አልታገደም። ግሪን ካርዳቸውን ይዘው ለዓመታት ዝም ብለው የኖሩት ለዜግነት ተሰለፉ። ከኤምአይቲ በምህንድስና የተመረቁት፣ የሜክሲኳውያን ስደተኞች ልጅ አሌክስ ፓዲላ በዚያ ንዴት ፖለቲካ ውስጥ ገቡ፤ ዛሬ ሴናተር ናቸው። ከ2006 ወዲህ በካሊፎርኒያ ግዛት አቀፍ ምርጫ ያሸነፈ ሪፐብሊካን የለም።

ልዩነቱ ይኸው ነው። «ድንበሩ ይጠበቅ» ሲባል ጋርሲያ ሌላ ሰው ያስባል። «ወረቀትህን አሳይ» ሲባል ግን የሚታየው የራሱ ፊት፣ የእናቱ አነጋገር ነው። በኒው ጀርሲ ላቲኖ የሚበዛባት ፓሴይክ ካውንቲ በ2024 ለትራምፕ ሄዳ፣ የስደተኛ አፈሳው በተጧጧፈበት በ2025 ለገዥነት ዴሞክራቷን ሚኪ ሼሪልን መርጣለች።

በዚያው ዓመት የቴክሳስ ሪፐብሊካኖች አምስት ተጨማሪ የኮንግረስ መቀመጫ ለማግኘት የምርጫ ካርታቸውን እንደገና ሣሉ። ከአምስቱ አንዳንዶቹ ላቲኖ በሚበዛበት በደቡቡ ክፍል ናቸው። ስሌቱ የተሠራው በ2024 ድምፅ ነው።