እጃቸው የሚያውቀውን የሰጡ እናት

በኢየሩሳሌም ከነቢያት ጎዳና የሚገነጠለው ጠባብ መንገድ የኢትዮጵያ ጎዳና ይባላል። ግራና ቀኙ ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር ነው። በአጥሩ ውስጥ ደብረ ገነት ገዳም አለ፤ በመካከሉም በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው ክቡ የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። በዚህ ሰፈር ነገሥታትና መኳንንት ያሠሯቸው ቤቶች አሉ። ያሠሯቸው ኪራዩ ለመነኮሳቱ ቀለብ፣ ለገዳማቱም መተዳደሪያ እንዲሆን ብለው ነው። በነቢያት ጎዳና ላይ በአንበሳ ምስልና በግዕዝ ጽሕፈት አጊጦ የሚታየው ሕንፃ የንግሥት ዘውዲቱ ነው። መንግሥት ሲመጣ መንግሥት ሲሄድ እነዚህ ቤቶች ባይኖሩ ኖሮ፣ በዴር ሱልጣን ገዳም ጣሪያ ላይ ያሉት አባቶቻችን እንዴት እስከ ዛሬ ይቆዩ እንደነበር ማሰብ ይከብደኛል።

ይህን ዐይነቱን ስጦታ እናውቀዋለን፣ እናከብረዋለንም። ዛሬ የማነሣው ግን በዚሁ በደብረ ገነት ገዳም ግቢ ውስጥ ኖረው፣ ምንም ሕንፃ ሳያሠሩ ያለፉ አንዲት እናት የሰጡትን ነው።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሲወለዱ ስማቸው የውብዳር ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በ1916 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በ6 ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ፤ ቫዮሊንና ፒያኖን የተዋወቁት እዚያ ነው። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ቤተሰቡ በግዞት ወደ አዚናራ ደሴት ተወሰደ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት ከአሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ዘንድ ተማሩ። ቀጥሎ ለንደን ለመማር ዕድል አገኙ፤ ሆኖም ከአገር እንዳይወጡ ተከለከሉ። ምክንያቱን እስከ መጨረሻው በግልጽ አልተናገሩም።

ብዙዎቻችን በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ እንቆማለን። በሩ ተዘጋ ብለን እጃችንን እንሰበስባለን። እርሳቸው ምግብ እስከ መተው የደረሰ ኀዘን ካዘኑ በኋላ፣ በ19 ዓመታቸው ከቤተሰባቸው ተደብቀው ወሎ ግሸን ማርያም ገቡ፤ በ21 ዓመታቸውም መነኮሱ። በዚያ አምባ ላይ ያለ ጫማ 10 ዓመት ያህል ኖሩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፒያኖ አልነበረም። ስጦታቸው ተቀብሮ የቀረ ይመስል ነበር።

ነገሩን የለወጠው ጎንደር ነው። የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊማሩ ሄደው ሳለ፣ ሲገቡና ሲወጡ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሜዳ ላይ የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎችን አዩ። የአብነት ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚኖር የሚያውቅ ሰው ያዩትን ይረዳዋል። መምህሩ ደመወዝ ሳይጠይቅ ያስተምራል። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ይለምናል፤ ባላገሩም ከማዕዱ ከፍሎ ይሰጠዋል። ዜማው፣ ቅኔውና ትርጓሜው ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረው እያንዳንዱ ያለውን ስላዋጣ ነው፤ አንዱ ዕውቀቱን፣ ሌላው እንጀራውን። እማሆይ የሚያዋጡት እንጀራ አልነበራቸውም። መነኩሲት ናቸው፣ ገንዘብ የላቸውም። ስለዚህ እጃቸው የሚያውቀውን ለማዋጣት ወሰኑ።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአፄ ኃይለ ሥላሴ ድጋፍ ጀርመን አገር ሸክላ አሳተሙ፤ ገቢውም ለእነዚያ ልጆች ትምህርትና ለወላጅ አልባ ሕፃናት ዋለ። ይህን ሳስብ ከሁሉ የሚገርመኝ የመረጡት መንገድ ነው። ፒያኖ በሥርዓተ ቅዳሴያችን ቦታ የለውም፤ በማኅሌት ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ እንጂ ፒያኖ አይገባም። እርሳቸውም ሥርዓቱ ይለወጥልኝ አላሉም። ስጦታዬ በመቅደስ ካልገባ ዋጋ የለውም ብለውም አልተዉትም። ከቅጥሩ ውጭ አውለው ፍሬውን ወደ ቅጥሩ ደጅ፣ ደጅ ወደሚያድሩት ልጆች መለሱት። ለእኔ ክርስትናቸው በግሸኑ ምናኔ የታየውን ያህል በዚህ ውሳኔ ታይቷል።

እናታቸው ካረፉ በኋላ በ1984 (እ.ኤ.አ.) ወደ ኢየሩሳሌም መጡ። በኢትዮጵያ ጎዳና ባለው ገዳም በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ከአልጋና ከፒያኖ ጋር፣ ወደ 40 ዓመት ገደማ ኖሩ። ሥራቸውን ሰብስቦ ለዓለም ያሰማው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የፈረንሳይ የሙዚቃ ተከታታይ 21ኛ ቅጽ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ወጣ። ከእርሱ በኋላ ማያ ዱኒዬትስ የተባለች እስራኤላዊት ሙዚቀኛ በፌስታል ታጭቀው የቆዩ የእጅ ጽሑፍ ኖታዎችን ተቀብላ አንድ በአንድ አስተካክላ በ2013 (እ.ኤ.አ.) በመጽሐፍ አሳተመች፤ በዚያው ዓመትም በኢየሩሳሌም ኮንሰርቶች ተደረጉ። በስማቸው የቆመው ፋውንዴሽንም ሕፃናት ሙዚቃ እንዲማሩ ይረዳል። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው አረፉ።

ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ኖታው በፌስታል ሲቀመጥ በዚያ ደጅ ስንቶቻችን አልፈናል? በየዓመቱ ለትንሣኤ ነጠላችንን አጣፍተን የምንመጣ ተሳላሚዎች፣ በየእሑዱ የምናስቀድስ የከተማው ነዋሪዎች፣ በግቢው ውስጥ ያለችው መነኩሲት ምን እንደምታውቅ የጠየቅን ጥቂቶች ነን። የሌላ እምነት ልጅ የሆነችው ማያ መጥታ ጠየቀች። ይህን የምለው እርሷን ለማመስገን ነው፤ ምስጋና ይገባታል። ግን የእኛም ድርሻ ነበር።

ችግሩ በእማሆይ አላበቃም። ሰበካ ጉባኤው፣ ማኅበሩ፣ ዕድሩ ሰውን ሲጠራ የሚጠይቀው ኪሱን ነው። ዐሥራት፣ ስለት፣ የሕንፃ መዋጮ፤ ሁሉም አስፈላጊ ነው፣ ገዳሙ ያለ እርሱ አይኖርም። «አንተ ምን ትችላለህ?» የሚል ግን የለም። ከአገር ቤት የመጣች አረጋዊት ተሳላሚ ታማ ሐኪም ፊት ሕመሟን ማስረዳት ተስኗት ትቸገራለች፤ በዕብራይስጥም በአማርኛም አሳምሮ የሚናገር ወጣት በዚያው ቅዳሴ አብሯት አስቀድሷል። የገዳሙ የውኃ ቧንቧ ይፈሳል፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ቧንቧ ሲያበጅ የሚውል ምእመን ጫማውን አውልቆ በበሩ ይገባል፣ በበሩ ይወጣል። ነርስ አለች፣ አናጺ አለ፣ ሒሳብ ያዥ አለ። ሁሉም ሳንቲሙን ጥሎ ይሄዳል።

ስለ መክሊቱ ምሳሌ ሲሰበክ ባለ አንዱን መክሊት አገልጋይ በስንፍና ብቻ እንወቅሰዋለን። የቀበረው ግን ፈርቶ መሆኑን ራሱ ተናግሯል። በመካከላችንም የማየው ፍርሃቱን ነው። ሰው ችሎታውን ቢናገር ትዕቢተኛ እንዳይባል ይፈራል። ያልተማረው «የእኔ ምን ሊጠቅም» ይላል። ሌላውን እንጀራ ሲበላበት የማያፍርበትን ሙያ ለቤተ ክርስቲያን ማቅረብ ያሳፍረዋል። ይህን ፍርሃት በተግሣጽ ማባረር አይቻልም። የሚያባርረው ቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ነው፤ በስሙ ጠርቶ «ይህን ታውቃለህና ናልን» የሚል።

ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም። የአባላት መዝገብ ላይ ከስምና ከስልክ ቁጥር ቀጥሎ «የሚችሉት ሙያ» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር። መዝገቡን የሚይዝ፣ ችግር ሲመጣም ከፍቶ የሚደውል አንድ ትጉ ሰው ይመደብ። ቋንቋ የሚችለው ለሕመምተኛ፣ ኖታ የሚያነበው ለሕፃናት፣ ኮምፒውተር የሚያውቀው ለገዳሙ ደብዳቤ ይጠራ። በአዲስ አበባም፣ በጎንደርም ያሉ አጥቢያዎች ያለ ጉባኤ ውሳኔ በዚህ ሳምንት ሊጀምሩት ይችላሉ። እዚህ ኢየሩሳሌም ግን ከሰሙነ ሕማማት በፊት ቢደርስ ደግ ነው፤ አረጋውያኑ ተሳላሚዎች በብዛት የሚገቡትና አስተርጓሚ የሚጠፋው ያኔ ነውና።