ብሎን አጣቢው ልጅ

ዛሬ የማጫውታችሁ ከአንድ የእንፍራንዝ ልጅ ስለደረሰኝ ደብዳቤ ነው። ስሙን ለራሴ ይዤ፣ ቃሉን አሳጥሬ ላካፍላችሁ።

«ቤታችን ጎንደርን ከባሕር ዳር በሚያገናኘው መንገድ ዳር ነው። ሾፌሮች መኪና ቆሞባቸው ሲጠግኑ እያየሁ ነው ያደግሁት። አሁን ጎንደር ከተማ የአውቶ መካኒክ አንደኛ ዓመት ሠልጣኝ ነኝ። ኮሌጁ ለልምምድ ወደ አንድ ጋራዥ ከላከኝ አምስት ወር ሆነኝ። ሥራዬ ብሎንና ዳዶ በናፍጣ ማጠብ፣ ቁልፍ ማቀበልና ሻይ ማምጣት ነው። አንድም ቀን ‹ሞተር ፍታ› ተብዬ አላውቅም። ለቤት ኪራይና ለቱታ እናቴ ጊደሯን ሸጣለች። እሑድ ወደ ቤት ስሄድ እጄን ኪሴ ውስጥ እደብቃለሁ፤ ጥቁረቱ በሳሙና አይለቅማ። ዩኒቨርሲቲ የገባ አብሮ አደጌ ‹ቀጥቃጭ ሆንክ አሉ!› ብሎ ሰው ፊት ሳቀብኝ። እናቴ ‹መኪና መጠገን ቻልክ ወይ?› ስትለኝ ‹አዎ› ብዬ ዋሸኋት። ትቼው ወደ ቤቴ ልግባ ወይስ ልቆይ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እጅህን ከኪስህ አውጣ። አገራችን ማረሻ የሚሠራለትን ሰው ሲሰድብ የኖረ አገር ነው። ቤተ እስራኤሎች በጎንደር ነገሥታት ዘመን ግንብ ሲገነቡ፣ ብረት ቀጥቅጠው ማረሻና ማጭድ ሲያወጡ ኖረዋል፤ ውለታቸው ግን «ቡዳ» መባል ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ግን ይኸው ዛሬም በአብሮ አደግህ አፍ ላይ አለ። ዩኒቨርሲቲው የሄደው በመኪና እንጂ በእግሩ እንዳልሆነ እሱም አይጠፋውም።

አሁን ወደ ብሎኑ እንምጣ። እስቲ ራስህን በባለሙያው ቦታ አድርገው። ነገ ሊማሊሞን የሚወርድ መኪና አለ እንበል። የፍሬኑን ብሎን ያጠበቀው የአምስት ወር ለማጅ ቢሆን አንተ ራስህ ትሳፈራለህ? ቴስታታ የሚሉትን የሞተሩን ክዳን ውሰድ። ብሎኑ እንደመጣልህ አይጠብቅም፤ ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በተራ፣ በልክ ነው። ያ ካልሆነ ውሃና ዘይት ይቀላቀልና ሞተሩ ይሞታል። ባለሙያው የሚፈራው ይኼን ነው፤ አንተን ጠልቶ ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ማጠቡንም ትምህርት አድርገው። ደብተር ያዝ። ይህ ብሎን ከየት ወጣ? በስንት ቁልፍ ይፈታል፣ በ13 ነው በ17? ክሩ ለምን ተበላ? ዘይቱ ውስጥ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካየህ እዚያ ሞተር ውስጥ የሚፋተግ ነገር አለ ማለት ነው፤ የትኛው ይሆን ብለህ ገምት። ጥያቄህን ግን ባለሙያው መኪና ሥር ተኝቶ ላቡ ሲንጠፈጠፍ አታንሳ። ሻዩን ይዘህለት ስትመጣ «ጋሼ፣ ይቺን ዛሬ እኔ ልፍታት፣ እርስዎ ቆመው ይዩኝ» በል። ሻይ ማምጣትህ ለዚህም ይጠቅምሃል።

የመጀመሪያ ዓመት ለማንም ቀላል አልነበረም። እዚያው እናንተ አገር፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ፈረንጅ ባለሙያዎችንና ያገራቸውን ሰዎች አሰባስበው መድፍ ሲያሠሩ የመጀመሪያው ሙከራ ከሽፏል። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ስል ግን «ዝም ብለህ ተገዛ» ማለቴ አይደለም። ትዕግሥትም ልክ አለው። ብሎን ማጠብ ከሙያው ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የባለጋራዡን ቤት መጥረግና ዕቃ መሸመት ግን ከሙያው አይደለም። አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሙያ ለመልመድ ውል የገባን ሰው አሠሪው ከሥልጠናው ጋር በማይገናኝ ሥራ ላይ እንዳያሰማራው ይላል፤ ሲጨርስም የሠለጠነበትን ሙያና ጊዜውን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት እንዲሰጠው ያዛል። አንተን የላከህ ኮሌጅ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ አስተማሪህ ሂድ። ደብተርህን አሳየውና «እስካሁን የሠራሁት ይኼ ነው፣ ሊያሠሩኝ የተስማሙትስ ምንድነው?» በለው። ባዶ እጁን ከሚያለቅስ ሰው ይልቅ የጻፈ ሰው ይሰማል።

አንድ ነገር አደራ፦ በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር እንዳትገባ። «ቶሎ በል» ብለው ቢቆጡህም ጠንካራ ድጋፍ ይደረግበት በል። ሙያው በሚቀጥለው ወር ይደረስበታል፤ እግርህ ከተቆረጠ ግን አይበቅልም።

ለራስህ ሦስት ወር ስጥ። ጠይቀህ፣ ጽፈህ፣ ለአስተማሪህ ነግረህ አሁንም የምትይዘው ባልዲ ብቻ ከሆነ ሌላ ጋራዥ እንዲመድቡህ ጠይቅ። ጋራዡን ለቀቅህ ማለት ሙያውን ለቀቅህ ማለት አይደለም።

እናትህንስ? የፊታችን እሑድ ሂድና እጅህን አሳያት። «እማዬ፣ መጠገን ገና አልቻልኩም፣ እየለመድኩ ነው» በላት። ጊደር ያሳደገች ሴት ጊደር በአንድ ክረምት እንደማይታለብ ካንተ ይልቅ ታውቃለች።

አንባብያን፣ በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ የመጀመሪያ ዓመታችሁን ጻፉልን፤ ለልጁ እናደርስለታለን። ሳምንት በሰላም ያገናኘን!