፳፭፻ን ማን ያንብበው?

ሰሞኑን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከምሠራበት የባንክ መስኮት ፊት አንድ አረጋዊ የቅኔ መምህር ቆሙ። ከእንጦጦ ወርደው ነው የመጡት። በገንዘብ ማስገቢያው ቅጽ ላይ፣ «በአኃዝ» በሚለው ስፍራ፣ «፳፭፻» ብለው ጽፈዋል።

«የኔታ፣ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ነው?»

«አንብበኸዋል እኮ፣ ልጄ።»

ቆጠርኩት፤ ልክ ነበር።

ማታ ያንኑ ቁጥር በምለማመደው የፈንክሽናል ፕሮግራም ቋንቋ፣ በሃስኬል፣ ላስነብብ ሞከርኩ። በሃስኬል ከሰው እጅ የሚመጣ ግብዓት አስቀድሞ ጽሑፍ ነው። 2500 ብትጽፉለት እንኳ አራት ምልክት እንጂ ገንዘብ አይደለም፤ ከሌላ ቁጥር ጋር ልደምረው ብትሉ ፕሮግራሙ ገና ሳይነሣ ይከለክላችኋል። ጀማሪን የሚያበሳጨው ይህ ጥንቃቄ ነው። እኔ ግን፣ በቃላት ዙሪያ የምኖር ሰው ነኝና፣ ወደድኩት።

ጽሑፉን ወደ ቁጥር እንዲለውጥ «ሪድ» ለተባለው ትእዛዝ ሰጠሁት። «ኖ ፓርስ» ብሎ ሞተ። የግዕዝ አኃዝ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቦታ አግኝቷል፤ ሪድ ግን አያውቀውም። እንግዲያው ራሴ ልተካው ብዬ ፳ን በ20፣ ፭ን በ5፣ ፻ን በ100 ለወጥኩና አገጣጠምኩ። 205100 ወጣ! የየኔታ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሆነ። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ ሃያና አምስት ይደመራሉ፣ መቶው ደግሞ ድምራቸውን ያባዛል። እኔ ምልክቶቹን ተካሁ እንጂ አላነበብኩም።

ለጀማሪ ሪድን አስቀድመው የሚያስተምሩትን የምቃወመው ለዚህ ነው። ሪድ ወይ ቁጥር ይሰጣል፣ ወይ ፕሮግራሙን ይገድላል። ወንድሙ «ሪድሜይቢ» ግን ሲገባው «ጀስት 2500»፣ ሳይገባው «ናቲንግ» ብሎ ይመልሳል። መልሱ እንደ ተራ ቁጥር አይደመርም፤ «ባዶ ቢሆንስ?» የሚለውን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ለመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል ይላሉ። ይከብዳል። መስኮት ላይ የተቀመጠ ሰው ግን «አልገባኝም» ማለትን የሚማረው በመጀመሪያው ቀን ነው።

አንድ ነገር ግን ልሸሽግ አልሻም፤ ሪድሜይቢም ቢሆን የእኔን ስሕተት «ጀስት 205100» ብሎ በደስታ ይቀበለው ነበር። ቁጥር መሆኑን እንጂ የማን ገንዘብ መሆኑን አያውቅም።

አሁን የጻፍኩት ማንበቢያ እስከ ፺፱፻፺፱ በትክክል ያነባል። ፼ ቀርቶኛል፤ የኔታ እልፍ ብር ይዘው እስኪመጡ ጊዜ አለኝ።